የላዳ የፊት ሞላ ግቢ ውስጥ ለመቀየር፤ መጭመቂያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ሽሮሜዳ_77
ሰላም ቤተሰብ። ላዳ 2107 አለኝ። የቤት መኪና ናት፣ ታክሲ ሆና አታውቅም። የፊት ቀኝ ወገኗ ወርዷል። ቆማ ስትታይ ያዘነበለች ትመስላለች፣ ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። ጎማውን አውጥቼ በባትሪ ሳየው የሞላው የታችኛው ጥምዝ ጫፉ ላይ ተሰብሯል፤ ጣት የምታህል ስባሪ ብራቾው (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ላይ ተኝታለች። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ አንድ ጥንድ ገዛሁ። ጋራዥ ስጠይቅ የእጅ ዋጋ ብለው የጠሩልኝ ከሞላው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ነው። ክሪክ አለኝ፣ ቁልፍ በሽ ነው፣ የሞላ መጭመቂያ ግን የለኝም። ዩቲዩብ ላይ ሩሲያዎቹ በክሪክ ብቻ ሲያወጡት አይቻለሁ፣ ግን ቋንቋው አይገባኝም፣ የቱ ጋ እንደሚጠነቀቁ አልያዝኩም። የሠራችሁት ካላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሩኝ።

ሰማያዊና_ነጭ
ብሮ ምን አስቸኮለህ። ጎማ ክተትበት! የድሮ ጎማ ቆርጠህ በጥምዞቹ መሃል ታስገባለህ፣ ከፍ ትላለች፣ አለቀ። ታክሲ ላይ ያለን ሰዎች ስንት ዓመት በዚህ ነው የሠራነው።

ዲኤክስ_ብቻ
ሰውዬው ተሰብሯል እያለህ ጎማ ክተት ትለዋለህ?

ሰማያዊና_ነጭ
እስኪያስቀይር ድረስ ነው ያልኩት ባክህ። ጋራዥ የሚጠሩትን ዋጋ አታውቀውም መሰለኝ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ነገር ሁሉ ሰማይ ወጥቷል።

ጋሽ_ቡሶላ
ልጆች ተረጋጉ። ጎማ የገባበት ጥምዝ መሥራት ያቆማል። ሞላ ሸክሙን የሚችለው በሁሉም ጥምዝ አካፍሎ ነው፤ ሁለቱን ስታስርበት የቀሩት ከድርሻቸው በላይ ይጠማዘዛሉ፣ መኪናዋ ትደርቃለች፣ ሲቆይም ጎማው ያለቀበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል። በእሳት አግለው የሚዘረጉም አሉ። እሱ ደግሞ ይብሳል። የሞላ ብረት እንደዚያ ከጋለ ጥንካሬው አብሮት ይሄዳል፣ ትንሽ ሰንብቶ ተመልሶ ይተኛል። የተሰበረ ሞላ መቀየር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ደግሞ በጥንድ። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርገህ ቀጥ ያለች መኪና አትጠብቅ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ላዳ ለዚህ ሥራ ታዛዥ ናት። መሠረቷ ፊያት 124 ነው። ፊት ላይ የላይና የታች ብራቾ አላት፣ ሞላው በታችኛው ብራቾና በቦዲው መሃል ይቀመጣል፣ ሾኩ በሞላው ሆድ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ የታችኛውን ብራቾ በክሪክ ይዘህ ቀስ ብለህ ካወረድከው ሞላው እየተለጠጠ ይለቃል። ሩሲያዎቹ መጭመቂያ ያላስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ከጭንቅላትህ አይውጣ። ያ ሞላ መኪናዋ ቆማ ሳለ ከ400 ኪሎ በላይ ጉልበት ታምቆበታል። ባንዴ ካመለጠህ ሐኪም ቤት ነው።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ጥያቄ። የገዛሃቸው ሞላዎች ላይ የቀለም ምልክት አለ?

ሽሮሜዳ_77
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወጥቼ አየሁት። አንዱ ላይ ቢጫ ጭረት አለ፣ ሌላው ላይ አረንጓዴ። መሬት ላይ አቁሜ አስተያየኋቸው፣ እኩል ናቸው።

ጋሽ_ቡሶላ
መልሳቸው።

ቢጫው አንደኛ ክፍል ነው፣ አረንጓዴው ሁለተኛ። ፋብሪካው ሞላውን በሸክም ጭኖ ቁመቱን ይለካና ለሁለት ይከፍለዋል። በሸክም ስር ረዘም ብሎ የቀረው ቢጫ ይቀባል፣ ያጠረው አረንጓዴ። ባዶውን መሬት ላይ ስታቆመው እኩል ቢመስልህ አይግረምህ፣ ልዩነቱ የሚታየው ሲጫን ነው። ፊት ላይ ግራና ቀኝ የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ያለበለዚያ ይህን ሁሉ ለፍተህ ተመልሳ ታዘነብልብሃለች።

ዲኤክስ_ብቻ
ሻጩ «ቀለም ነው እንጂ ሞላው ያው ነው» ይልሃል፣ ተዘጋጅ 😂 ደረሰኝህን ይዘህ ሂድ።

ሽሮሜዳ_77
ቃል በቃል እሱን ነው ያለኝ። ግን ቀየረልኝ። ሁለቱም ቢጫ ሆነዋል። አሁን አወራረዱን ይንገሩኝ ጋሼ።

ጋሽ_ቡሶላ
እሺ ያዝ።

ጎማው መሬት እንደነካ ቡሎኖቹን አላላ። የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም አስደግፍ፣ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ከዚያ አንሳና ከሻንሲው ስር የብረት መቆሚያ አግባ። ብሎኬት እንዳታደርግ! ብሎኬት ሲፈርስ አይነግርህም። ድንጋይም የጎማ መደገፊያ እንጂ የመኪና መሸከሚያ አይደለም። መቆሚያ ከሌለህ ተከራይ፣ ካልሆነም ከጎረቤት ተዋስ፤ ያለሱ ከመኪናው ስር አትግባ።

መጀመሪያ የሚወጣው ሾኩ ነው። የላይኛው ዳዶ በኮፈኑ በኩል ይገኛል፣ 17 ቁልፍ፤ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በሌላ ቁልፍ ያዘው። ከታች በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ሁለት አሉ። ሾኩ በብራቾው ቀዳዳ በኩል ወደታች ይወጣል። ቀጥሎ የስታቢላይዘሩን (ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ዘንግ) ማሰሪያ ከብራቾው ላይ ፍታ፣ እሱም 13 ነው። እሱ ካልተፈታ ብራቾው የሚፈለገውን ያህል አይወርድም።

አሁን ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ስር አስገባ፣ ወደ ቦል ጆይንቱ (ብራቾውን ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ጠጋ አድርገህ። ብራቾው ትንሽ ብድግ እስኪል አንሳ። የታችኛውን ቦል ጆይንት ዳዶ በ22 ቁልፍ አላላ፣ ግን ጨርሰህ አታውጣው፣ ጥቂት ጥርስ ይያዝ። የቦል ጆይንቱ እግር ሾጣጣ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ዳዶው ስለላላ ብቻ አይወጣም። ሲለቅ ደግሞ ጧ ብሎ ነው የሚለቀው። ያኔ የሚያድንህ ያቺ ያልወጣች ዳዶ ናት።

ማስለቀቂያ ካለህ ጥሩ። ከሌለህ ላዳ ላይ የሚሠራ አንድ መላ አለ። የላይኛውና የታችኛው ቦል ጆይንት ጫፎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመሃላቸው አንድ ወፍራም ቡሎን ከነዳዶው አስገባና ዳዶውን እየፈታህ አስረዝመው፣ ሁለቱን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋቸዋል። በደንብ ከተወጠረ በኋላ ሾጣጣው የገባበትን ብረት ከጎኑ በመዶሻ ምታው። ብረቱን ነው ያልኩት፣ የቦል ጆይንቱን ጥርስ እንዳትመታ። ይለቃል።

ሲለቅ ክሪኩ ብራቾውን በደንብ መያዙን እይና ዳዶውን አውጣ። ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ከነፍሬኑ ወደ ላይ በሽቦ እሰረው፣ በፍሬኑ ቱቦ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ ክሪኩን ቀስ። በጣም ቀስ። ሰንሰለት ካለህ በሞላውና በብራቾው ዙሪያ አዙረህ እሰር፣ ቢያመልጥም ሩቅ አይሄድም። ፊትህን ሞላው በሚወጣበት በኩል አታድርግ። ብራቾው ወርዶ ሞላው እጅህ ላይ ሲላላ በረጅም ብረት ጫፉን ገፋ አድርገህ ታወጣዋለህ።

ናፍጣ_ሽታ
ጋሽ ቡሶላ አንድ ጥያቄ። አዲሱን ስናስገባ ክሪኩን ስንገፋ መኪናው አብሮ ቢነሳስ? የኔ ኒቫ ላይ ቦዲው ከመቆሚያው ተነቅሎ አየሁት፣ ሥራውን እዚያው ነው ያቆምነው።

ጋሽ_ቡሶላ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ኒቫ ሞላዋ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ይብስባታል። ላዳ ላይ የሞተሩ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ክሪኩን ከብራቾው መሃል ሳይሆን ከጫፉ አስገባ ያልኩት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ቦዲው ከመቆሚያው መነሳት ከጀመረ ግን ወዲያው አውርድ። እንዲከብድ ብለህ ሰው እንዳታስቀምጥበት፣ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። እዚያ ከደረሰ መጭመቂያ ፈልግ።

ሌላው መሬቱ ነው። ብራቾው ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ቅስት እየሠራ ነው። ባለ ጎማ ክሪክ ሲሚንቶ ላይ ራሱ እየተንከባለለ ይከተለዋል። አፈር ላይ ወይም ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ግን አይከተልም፣ ብራቾው ከላዩ ይንሸራተታል። ግቢህ አፈር ከሆነ ወፍራም ላሜራ አንጥፍ።

ማርታ_ፍራንክፈርት
ከጀርመን ሰላም። ጋሼ የጻፉት ለላዳ ነው፣ እባካችሁ ሌላ መኪና ላይ በጭፍን እንዳትሞክሩት። እኔ መርሴዲስ 123 ናፍጣ አለኝ። እሷም ሞላዋ በታችኛው ብራቾና በቦዲው መሃል ነው፣ ለሚያየው ከላዳ ጋር አንድ ትመስላለች። ግን ሞላው በጣም ጠንካራ ነው፣ ከውጪ መንጠቆ የሚያስገባ ቦታም የለውም። የሷ መጭመቂያ ልዩ ነው፤ ሁለት ሳህን ጥምዞቹ መሃል ይገባሉ፣ ዘንጉ በሞላው ሆድ በኩል ያልፍና ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። እዚህ በሰዓት እየከፈሉ ራስ የሚሠራበት ጋራዥ ስላለ እዚያው ያለውን ነው የተጠቀምኩት። አለመሥራት ደግሞ አይቻልም፣ የተሰበረ ሞላ ይዘህ የሁለት ዓመቱን ምርመራ አታልፍም። ርካሹን ባለ ሁለት መንጠቆ መጭመቂያ ለ123 ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሽሹ።

ሰማያዊና_ነጭ
እኛ ጋ ቦሎ ላይ እንደዛ ቢጠብቁ ከተማው ባዶ ይቀር ነበር 😅

አዋሬ_ልጅ
ዲኤክስ ኮሮላ ላይስ በክሪክ ይሆናል?

ዲኤክስ_ብቻ
አይሆንም አይሆንም አይሆንም! ዲኤክስ ላይ ሞላው ሾኩን አቅፎ ነው የተቀመጠው፣ ከላይ በሳህን ተይዞ። እግሩን እንዳለ ከመኪናው ታወጣዋለህ፣ ከዚያ ውጪ ላይ በመጭመቂያ ነው የሚሠራው። ከላይ መሃል ላይ ያለችውን ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ ከፈታሃት ሳህኑ ጣሪያ ይመታል፣ መሃል ላይ ያለው ደግሞ አንተ ነህ። ባለ መንጠቆው መጭመቂያ እዚህ ይሠራል፤ ሁለቱን ትይዩ አድርገህ ግራና ቀኝ አስር፣ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ሌላውን ጥቂት ዙር እያልክ። አንዱን ብቻ ካጠበቅክ ሞላው ይጎብጥና መንጠቆው ይሸሻል። ጥርሱን ግራሶ ቀባው፣ በአየር መፍቻ አታዙረው። ሞላው ከሳህኑ ተላቆ በእጅህ ሲንቀሳቀስ ነው ዳዶዋ የምትነካው። ከዚያ በፊት እንዳትሞክር።

ጋሽ_ቡሶላ
ዲኤክስ ልክ ነው፣ የሚጨመር የለኝም።

ሽሮሜዳ፣ ሳልነግርህ። የታችኛውን ቦል ጆይንት መፍታትህ ካልቀረ አስቀድመህ መርምረው። ላዳ ላይ ሞላው ብራቾውን ወደታች ይገፋል፣ ጎማው ደግሞ ወደላይ። ስለዚህ የታችኛው ቦል ጆይንት ዕድሜውን ሙሉ እየተጎተተ ነው የሚኖረው። ኳሱ በልቶ ሲሰፋ ከመቀመጫው ይነቀላል። ጎማዋ ተጣጥፎ አስፋልት መሃል የተኛች ላዳ ያላየ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከስሩ ትንሽ መድፈኛ ቡሎን አለው። እሱን ፈተህ ከቀዳዳው ከንፈር እስከ ኳሱ ጫፍ ጥልቀቱን ለካ፤ ከ11.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጣለው። ይህን የምትለካው ከመፍታትህ በፊት ነው፣ መኪናዋ በተሸከመችበት ሁኔታ። የላስቲክ ኮፍያው ከተቀደደማ መለካትም አያስፈልግህ።

ሽሮሜዳ_77
ጨረስኩ ሰዎች! ከወንድሜ ጋር ሆነን ነው የሠራነው፣ እሱ ክሪክ ላይ እኔ ሞላ ላይ። ለጠቅላላ ግንዛቤ የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ሾኩና ስታቢላይዘሩ ችግር አልነበራቸውም። ከማታው በፀረ ዝገት ነክሬያቸው ስላደርኩ ሁሉም ዳዶ ተፈታ፣ የቀኙ የላይኛው ሾክ ብቻ ዘንጉ አብሮ እየዞረ ትንሽ አደከመን። ቦል ጆይንቱ ግን! ቡሎኑን መሃል አስገብቼ እስኪያቅተኝ ወጠርኩት፣ መታሁት፣ ምንም። ትተነው ቡና ልንጠጣ ስንል ራሱ ጧ አለ። ወንድሜ ከክሪኩ ጋር ዘሎ ቆመ። ዳዶዋ ይዛው ነበር፣ ጋሼ እንዳሉት።

አሮጌው ሞላ ሲወጣ ስባሪዋ የብራቾውን ሳህን ቀለሙን ልጣ ብረቱን አብርታዋለች፣ ቀዳዳ ግን አላበጀችም። ሰንሰለቱን ከበር ላይ አውጥተን ነው የተጠቀምነው። ከላይ ያለው የጎማ ልባስ ስነካው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ለሱ ብዬ እንደገና ሶማሌ ተራ፣ ሥራው ለግማሽ ቀን ቆመ። ለሚቀጥለው ሰው፦ ሞላ ስትገዙ የላይኛውን ጎማ አብራችሁ ግዙ፣ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

አዲሱ ሲገባ የታችኛው ጫፍ ሳህኑ ላይ ያለችው ማረፊያ ላይ አልገጠመም ነበር፣ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት። ክሪኩን አውርደን ሞላውን በእጅ አዙረን ገጠምነው። የታችኞቹን ቦል ጆይንቶች ሁለቱንም አዲስ አደረግሁ።

አሁን ግራና ቀኝ እኩል ናት። እንዲያውም ፊቷ ቀና አለ፣ ማታ መብራቷ ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። መሪው ደግሞ ወደ ግራ ይስባል። ምን ይሁን?

ጋሽ_ቡሶላ
ጎበዝ። የመብራቱ ነገር የሚጠበቅ ነው፤ ፊቷ ወርዶ ሳለ የተስተካከለ መብራት አሁን ከፍ ብሏል። ከኋላው ያሉትን ዊንቶች በካቻቢቴ ዝቅ አድርጋቸው፣ ግድግዳ ፊት ቆመህ።

መሪው የሚስበው ቁመቷ ሲቀየር የጎማዎቹ ማዕዘንም አብሮ ስለሚቀየር ነው። አላይመንት ውሰዳት። ላዳ ላይ የሚስተካከለው ከታችኛው ብራቾ ዘንግ ስር ባሉት ስስ ላሜራዎች ነው፣ በመጨመርና በመቀነስ። ማሽን ላይ የሚሠራው ልጅ የመሪ ዘንጉን ብቻ አዙሮ «ጨርሻለሁ» እንዳይልህ። ላሜራዎቹን ነካሃቸው ወይ ብለህ ጠይቀው። ግን ዛሬ አትሂድ። አዲስ ሞላ ትንሽ ይቀመጣል፣ ጥቂት ቀን ንዳትና ከዚያ።

የቦል ጆይንቱን ዳዶ በስንት አሰርከው?

ሽሮሜዳ_77
የመለኪያ ቁልፍ የለኝም ጋሼ፣ በጉልበት ነው። ደህና አድርጌ።

ጋሽ_ቡሶላ
አላይመንት ስትሄድ እዚያው መለኪያ ቁልፍ ለምናቸው። ከ83 እስከ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሾጣጣ ነገር ከተነዳ በኋላ ይቀመጥና ዳዶው ይላላል፣ ስለዚህ ባታስለካውም ከጥቂት ቀን በኋላ ቁልፍ አስገብተህ ፈትሸው። የጎማ ቡሎኖቹንም።

ናፍጣ_ሽታ
የብራቾ ቦኮላ (ብራቾው የሚዞርበት የጎማ ልባስ) አብሮ የሚቀይር ሰው ካለ ደግሞ ዳዶዎቹን መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ጨርሶ አያጥብቃቸው። ጎማ መሬት ከነካ በኋላ ነው የሚጠብቀው፣ ያለበለዚያ የቦኮላው ጎማ ተጠማዞ ስለሚታሰር ቶሎ ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘለዋል።

ሰማያዊና_ነጭ
እሺ ጋሼ፣ አሸነፋችሁኝ። የኔ ፊቷ ላይ አራት ቁራጭ ጎማ አለ፣ ላወጣው ነው። የኋላዎቹን አልነካም፣ ደህና ናቸው። ለፊት የትኛውን ቀለም ልፈልግ?

ጋሽ_ቡሶላ
መጀመሪያ ኋላህ ምን እንደሆነ እይ። ጥምዞቹን በናፍጣ እጠባቸው፣ ቀለሙ ካልጠፋ ከውጪ በኩል ይታይሃል። ፊት ቢጫ ሆኖ ኋላ አረንጓዴ ቢሆን ይቻላል፣ ሌላ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። ፊት አረንጓዴ ሆኖ ኋላ ቢጫ ግን አይሆንም፣ አፍንጫዋን ደፍታ ነው የምትሄደው። ምልክቱ ከጠፋ ቢጫ ግዛ፣ በሁለቱም መንገድ አትሳሳትም። ጎማዎቹን ስታወጣ ደግሞ የነበሩበትን ጥምዝ ስንጥቅ እንዳለው በደንብ እየው። አሮጌውን ሞላ ለማንም አትሽጥ።

ሰማያዊና_ነጭ
የመጨረሻዋን ባትሉኝ ጥሩ ነበር ጋሼ 😂 እሺ።